የድሮ የአሜሪካ ፒክአፕን ስም በትክክል ማንበብና መጻፍ፦ ከፓራፋንጎው ባጅ እስከ በሩ ሰሌዳ

«የ1972 ሲልቨራዶ፣ ንጹህ፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ።» እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቀስ በሉ። በ1972 ሲልቨራዶ የሚባል ፒክአፕ አልነበረም። ስሙ የመጣው በ1975 ነው። ያኔም ቢሆን የመኪናው ስም ሳይሆን የቅንጦት ደረጃው ስም ነበር። ሻጩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ባጁን (የስም ምልክቱን) የለጠፈው ምናልባት ከእሱ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ገንዘቡን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ፒክአፕ ገዝታችሁ ማደስ ለምታስቡ፣ የያዛችሁትን በትክክለኛ ስሙ መሸጥ ለምትፈልጉ፣ ወይም እንዲሁ የመኪና ፍቅር ላለባችሁ ነው። የማወራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ስለወጡት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙ። የአንድ ፒክአፕ ሙሉ ስም ብዙ ቁራጭ አለው፣ እያንዳንዱም የራሱን ጥያቄ ይመልሳል። ማን ሠራው? ስንት ይጭናል? ስንት ጎማው ይነዳል? የኋላው መጫኛ ምን ዓይነት ነው? ምን ያህል ተሽሞንሙኗል? ግራ መጋባቱ የሚመጣው የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ስንሰጥ ነው።

1. ባጁን ተዉት፣ ሰሌዳውን ፈልጉ

ባጅ በቀላሉ ይፈታል፣ በቀላሉም ይታሰራል። አዲስ ቅጂው በየመለዋወጫ ሻጩ አለ። ፓራፋንጎው ራሱ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ዓመት በጨው መንገድ ላይ የኖረ ቆርቆሮ ሳይቀየር ከቆየ ነው የሚገርመው።

ስለዚህ የሾፌሩን በር ክፈቱ። ከ1967 እስከ 1972 በወጡት ሼቭሮሌቶች የመለያ ቁጥሩ ሰሌዳ በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ፎርዶች መለያ ቁጥሩን የያዘው የዋስትና ሰሌዳ በሩ ላይ ነው የተሰካው። በሩ ከተቀየረ ሰሌዳውም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ደግነቱ የፎርድ ቁጥር ሻንሲው ላይም በቀኝ በኩል፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተመትቷል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጉና በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፣ ይነበባል። ያገኛችሁት ቁጥር ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ የስሙን ጉዳይ እዚያው አቁሙት። መጀመሪያ የባለቤትነቱ ነገር ይጥራ።

አንድ የሼቭሮሌት ሰሌዳ አብረን እናንብብ። «ሲ-ኢ-1-4-0-ኤስ» ብሎ ይጀምርና ተራ ቁጥር ይከተላል እንበል። የመጀመሪያዋ ሲ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዱ መሆኑን ትናገራለች። በቦታዋ ኬ ቢሆን ኖሮ አራቱም ጎማ ይነዳ ነበር። ኢ ማለት ከፋብሪካ ሲወጣ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነበረው ማለት ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቢሆን ኤስ ይሆን ነበር። 1 ግማሽ ቶን ነው። 4 መጫኛው የተገጠመለት ፒክአፕ ነው። 0 ዓመቱ ነው፣ 1970። የመጨረሻዋ ኤስ ሴንት ሉዊስ ያለው ፋብሪካ ናት። ኤስ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር እንደምትናገር ልብ በሉ፤ ፊደሏን ሳይሆን ቦታዋን ነው የምታነቡት። በዚች አጭር መስመር አብዛኛው የስሙ ክፍል አለቀ፦ የ1970 ሼቭሮሌት ሲ10፣ ቪ8። ባጁ ምንም ቢል ግድ የላችሁም።

ፎርድ እንዲህ ቸር አይደለም። ከ1968 እስከ 1972 ባሉት «ኤፍ-10-ዋይ-ኬ» ካያችሁ፣ ኤፍ-10 ኤፍ-100 ነው፣ ዋይ 360 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር ነው፣ ኬ የካንሳስ ሲቲ ፋብሪካ ነው። ዓመቱ ግን እንደ ሼቭሮሌቱ በአንድ አሃዝ ተለይቶ አልተጻፈም። ተከታታይ ቁጥሩን ከዓመት ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከ1981 ወዲህ ሥራው ቀለለ። ሁሉም አምራች 17 ምልክት ያለው ቁጥር መጠቀም ጀመረ፣ አሥረኛዋ ምልክትም የሞዴል ዓመቱን ትነግራችኋለች።

2. ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጭነት ነው

ብዙ ሰው ኤፍ-250 ከኤፍ-100 የበለጠ ሞተር ያለው ይመስለዋል። ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። በድሮው የአሜሪካ ልማድ ፒክአፕ በሦስት ይከፈላል፦ ግማሽ ቶን፣ ሦስት አራተኛ ቶን፣ አንድ ቶን። የእነሱ ቶን 2,000 ፓውንድ ነው። በእኛ ስናሰላው ግማሽ ቶን አራት ኩንታል ተኩል ገደማ፣ ሦስት አራተኛው ወደ ሰባት ኩንታል የሚጠጋ፣ አንድ ቶኑ ዘጠኝ ኩንታል ገደማ ይሆናል። ይህ የክፍሉ ስም እንጂ ትክክለኛው የመጫን አቅም አይደለም። አቅሙን ከሰሌዳው ላይ ካለው ጠቅላላ ክብደት ነው የምታሰሉት።

ፎርድ በ1948 ሲጀምር ኤፍ-1 ግማሽ ቶን፣ ኤፍ-2 ሦስት አራተኛ፣ ኤፍ-3 ጠንከር ያለ ሦስት አራተኛ፣ ኤፍ-4 አንድ ቶን እያለ እስከ ኤፍ-8 ይሄድ ነበር። በ1953 ቁጥሩ ተለወጠ። ኤፍ-1 ኤፍ-100 ሆነ። ኤፍ-2 እና ኤፍ-3 ተጠቃለው ኤፍ-250 ሆኑ። ኤፍ-4 ኤፍ-350 ሆነ። ስለዚህ «የ1951 ኤፍ-100» የሚባል ነገር የለም።

ኤፍ-150 በ1975 ነው የመጣው፣ አመጣጡም ደስ ይላል። በጊዜው የጭስ ቁጥጥር ደንቡ የሚበረታው ጠቅላላ ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ በታች በሆኑት ላይ ነበር። ፎርድ ከዚያ መስመር በላይ የሚውል «ከበድ ያለ ግማሽ ቶን» ሠራና 150 ብሎ ሰየመው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) እና እርሳስ የሌለው ቤንዚን የግድ አይሆኑበትም ነበር። ዶጅም በ1977 ዲ150 ብሎ ተከተለ። ሼቭሮሌት ደግሞ ቁጥሩን ሳይነካ «ቢግ 10» የሚል ስም ጨመረበት። ኤፍ-100 እስከ 1983 ከኤፍ-150 ጎን ለጎን ቆይቶ ነው የቀረው። በዚህ ሒሳብ «የ1968 ኤፍ-150» የሚል ማስታወቂያ ወይ ስህተት ነው፣ ወይ ሌላ መኪና ነው።

ሼቭሮሌት ከ1947 እስከ 1959 ባለ አራት አሃዝ ነው። 3100 ግማሽ ቶን፣ 3600 ሦስት አራተኛ፣ 3800 አንድ ቶን። በ1955 አጋማሽ ከመጣው አዲስ ቅርጽ ጀምሮ ረዘም ያለው ግማሽ ቶን 3200 ተባለ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ኮፈኑ ጎን 3100 ይላል፣ የሞዴል ቁጥሩ ግን 3104 ሆኖ ይገኛል። ምንም ችግር የለም። 31 ክፍሉ ነው፣ 04 የአካሉ ዓይነት ነው። ተራ ፒክአፕ 04 ነው፣ ዝግ የዕቃ መኪናው 05 ነው። 3124 ካያችሁ ግን ሻጩን ቶሎ ደውሉለት። ከ1955 እስከ 1958 ብቻ የተሠራው ካሜዮ ነው፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት።

በ1960 ቁጥሩ ወደ 10፣ 20፣ 30 ተለወጠ። በቅደም ተከተል ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና አንድ ቶን ማለት ነው። አፓቺ የሚለው የሼቭሮሌት ፒክአፕ ስም ከ1958 እስከ 1961 ስለዘለቀ፣ በ1960 እና 61 «አፓቺ 10» የሚል ባጅ ብታዩ ትክክል ነው። በእነዚያ ዓመታት የሞዴል ቁጥሩ ሲ14 ወይም ሲ15 ሊል ይችላል፤ አጭሩና ረጅሙ ግማሽ ቶን ናቸው፣ ሁለቱም ሲ10 ናቸው።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ጂኤምሲ ጋ ነው። ከሼቭሮሌት ጋር አንድ ቤት ቢሆንም ቁጥሩ የራሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 1000 ግማሽ ቶን፣ 1500 ሦስት አራተኛ፣ 2500 አንድ ቶን ነበር። በ1967 ግማሽ ቶኑ 1500 ሆነ፣ ሦስት አራተኛው 2500፣ አንድ ቶኑ 3500። የ1966 ጂኤምሲ 1500 እና የ1967 ጂኤምሲ 1500 ስማቸው አንድ ሆኖ ክፍላቸው የተለያየ ነው። መለዋወጫ ስታዝዙ ይህን ካላወቃችሁ የማይገጥም ዕቃ ይመጣላችኋል።

ዶጅ ከ1957 ጀምሮ ቀላል ነው፦ 100፣ 200፣ 300። ከዚያ በፊት ያለው ግን እንቆቅልሽ ይመስላል። «ቢ-2-ሲ» ውሰዱ። ቢ ቤተሰቡ ነው። 2 ትውልዱ ነው፣ 1950 ማለት ነው፤ 1 ለ1948 እና 49፣ 3 ለ1951 እና 52፣ 4 ለ1953 ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ክብደቱን ትናገራለች፦ ቢ ግማሽ ቶን፣ ሲ ሦስት አራተኛ፣ ዲ አንድ ቶን።

ስቱድቤከር ከ1949 እስከ 1953 ድረስ 2አር5፣ 2አር10፣ 2አር15 ብሎ በዚያው በሦስቱ ክፍል ሄዷል።

3. ፊደሏን በአምራቿ አንብቡ

ሼቭሮሌት ከ1960 ጀምሮ ሲ ለኋላ ነጂ፣ ኬ ለፎር ባይ ፎር ይላል። ዶጅ ከ1957 ጀምሮ ዲ እና ደብልዩ ይላል፤ ደብልዩ100 ፎር ባይ ፎር ነው። ፎርድ ፊደል አይለውጥም። ኤፍ-100 ሁለትም ይንዳ አራት ኤፍ-100 ነው፣ ልዩነቱ ያለው መለያ ቁጥሩ ውስጥ ነው። ኤፍ10 ኋላ ነጂ፣ ኤፍ11 ፎር ባይ ፎር። ኤፍ25 ኋላ ነጂ፣ ኤፍ26 ፎር ባይ ፎር። ከ1975 እስከ 79 ባለው ኤፍ-150 ግን ነገሩ ተገልብጧል፦ ኤፍ15 ኋላ ነጂ፣ ኤፍ14 ፎር ባይ ፎር። ለምን እንዲህ እንዳደረጉት አትጠይቁኝ።

ኢንተርናሽናል ጋ ስትደርሱ የተማራችሁትን ሁሉ አስቀምጡት። እዚያ ፊደሏ የምትናገረው ዘመኑን ነው። ኤል በ1950፣ አር በ1953፣ ኤስ በ1955፣ ኤ በ1957፣ ቢ በ1959፣ ሲ በ1961፣ ዲ በ1965 ጀመሩ። ኤ የተባለው ኩባንያው የጭነት መኪና መሥራት የጀመረበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር ነው። ስለዚህ የሼቭሮሌት ሲ የሚነዳውን ጎማ ትናገራለች፣ የኢንተርናሽናል ሲ ዓመቱን፣ የ1950 ዶጅ ሲ ደግሞ ክብደቱን። ያለ አምራቿ ስም የተጻፈች ፊደል ዋጋ የላትም።

አንድ ዓመት ለብቻው መታወቅ አለበት፤ 1987። ሼቭሮሌት በ1988 አዲስ ሲ እና ኬ ሊያወጣ ስለተዘጋጀ የአሮጌውን ቅርጽ ፊደሎች ለዚያ ዓመት አር እና ቪ አደረጋቸው። አር ኋላ ነጂ፣ ቪ ፎር ባይ ፎር። «የ1987 ቪ10» ስታዩ አሥር ሲሊንደር ያለው ሞተር እንዳይመስላችሁ፤ ግማሽ ቶን ፎር ባይ ፎር ነው። አንዳንድ ትልልቆቹ በዚሁ ፊደል እስከ 1991 ቀጥለዋል።

«ፓወር ዋገን» የሚለው የዶጅ ስምም ሁለት መኪና አለው። አንደኛው ከጦር ሠራዊቱ መኪና ተወልዶ በ1946 ለሕዝብ የቀረበው፣ ጠፍጣፋ ፓራፋንጎ ያለው ነው። ሌላው ከ1957 ጀምሮ ተራውን የዶጅ ጋቢና ይዞ የወጣው ደብልዩ100 እና ደብልዩ200 ነው። ዋጋቸው ለየቅል ስለሆነ ጋቢናውን ሳታዩ በስሙ ብቻ አትደራደሩ።

4. የኋላው መጫኛ

መጫኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎኑ ቀጥ ብሎ እስከ ኋላ የሚሄድ፣ ጎማው ከውስጥ የሚሆንበት ነው። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ሆኖ የጎማ ሽፋኑ ወደ ውጭ የወጣ፣ ከፊቱ መርገጫ ያለው ነው። ሼቭሮሌት ፍሊትሳይድና ስቴፕሳይድ ይላቸዋል። ጂኤምሲ ዋይድሳይድና ፌንደርሳይድ ይላል። ፎርድ ስታይልሳይድና ፍሌርሳይድ ይላል። ዶጅ ስዌፕትላይንና ዩቲላይን ይላል። «ፎርድ ስቴፕሳይድ» ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉም ይገባዋል፣ ግን የፎርድ ሰው ፈገግ ይልባችኋል።

ርዝመቱ ከዓይነቱ ይልቅ ኪስ ይነካል። አጭሩ ተፈላጊ ስለሆነ ረጅሙን ቆርጠው የሚያሳጥሩ አሉ። በ1967–72 ሼቭሮሌት መለያ ቁጥሩ ርዝመቱን አይናገርም። በተሳፋሪው ፊት ያለችውን የዕቃ ሳጥን ክዳን ክፈቱና ከውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጉ። «ሲ-ኢ-10734» ካለ አጭር ነው፣ «ሲ-ኢ-10934» ካለ ረጅም። ከ10 ቀጥላ ያለችው 7 ወይም 9 ናት ወሳኟ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ደግሞ 34 ከሆኑ ፍሊትሳይድ፣ 04 ከሆኑ ስቴፕሳይድ ነው። ወረቀቱ 9 እያለ ከፊታችሁ የቆመው አጭር ከሆነ ተቆርጧል። መቆረጡ ወንጀል አይደለም፣ ዋጋው ግን እንደዚያው ይሁን።

5. የቅንጦቱን ስም መጨረሻ ላይ አስቀምጡ

ሬንጀር፣ ሲልቨራዶ፣ ሲየራ። ዛሬ ሦስቱም የመኪና ስም ናቸው። በድሮው ዘመን ግን የወንበር ጨርቅ፣ የክሮምና የምንጣፍ ስም ነበሩ።

ሬንጀር በ1965 የኤፍ-100 ተጨማሪ ምርጫ ሆኖ ገባ። በ1970 ሬንጀር ኤክስኤልቲ መጣ። ራሱን የቻለ ትንሽ ፒክአፕ የሆነው በ1983 ሞዴል ነው። «የ1971 ፎርድ ሬንጀር» የተባለው እንግዲህ ትልቁ ኤፍ-100 ወይም ኤፍ-250 ነው።

ቼየን በ1971 የሼቭሮሌት ቁንጮ ሆኖ ነው የመጣው። በ1975 ሲልቨራዶ ከላዩ ተቀመጠበት፣ ስኮትስዴል ከሥሩ ገባ። ከሁሉም በታች ከስተም ዴሉክስ ነበር፤ ስሙ ሲሰማ ንጉሥ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጂኤምሲም ተመሳሳይ ቀልድ አለው። ከ1975 በኋላ «ሲየራ» ብቻ ከሆነ ዝቅተኛው ነው፣ «ሲየራ ክላሲክ» ከፍተኛው። ሲልቨራዶ ራሱን የቻለ ሞዴል የሆነው በ1999 ነው።

የቅንጦት ደረጃን ከባጅ ማረጋገጥ አትችሉም። ያቺ የዕቃ ሳጥን ክዳን ላይ ያለች ወረቀት ከፋብሪካ የተገጠሙትን ምርጫዎች ስለምትዘረዝር ከየትኛውም ባጅ ትበልጣለች።

6. የትኛው ዓመት?

የአሜሪካ የመኪና ዓመት በተለምዶ የሚለወጠው እንደኛ ዕንቁጣጣሽ በመስከረም አካባቢ ነው። በ1969 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1970 ሞዴል ነው። ታይትሉ ላይ አንዳንዴ የተሸጠበት ዓመት ስለሚጻፍ አንድ ዓመት ቢዛነፍ አይግረማችሁ።

1955 ሼቭሮሌት ግን ለብቻው ነው። አዲሱ ቅርጽ መጋቢት ወር ላይ ስለወጣ በአንድ ዓመት ሁለት ፍጹም የተለያዩ መኪኖች ተሸጡ። «የ1955 3100» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። «አንደኛ ሲሪስ» ወይም «ሁለተኛ ሲሪስ» መባል አለበት። የፊት መስታወት እንኳ አይገጥምም።

7. የአድናቂ ስም ከፋብሪካ ስም ይለይ

የ1967–72 ፎርድ «በምፕሳይድ»፣ የ1973–79 ፎርድ «ዴንትሳይድ» ይባላል። አንዱ ጎኑ ላይ መስመሩ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ነው። ከ1973 ጀምሮ ያለው ሼቭሮሌት «ስኩዌር ቦዲ» ነው፤ አራት ማዕዘን ማለታቸው ነው። የሚያስቀው፣ ኩባንያው ራሱ ያንኑ መኪና «ራውንድድ ላይን» ነበር የሚለው፤ ክብ! እነዚህ ስሞች ዕቃ ለመፈለግ ይጠቅማሉ። ሰሌዳ ላይ ግን አታገኟቸውም፣ ሕጋዊ ወረቀት ላይም አይጻፉም።

8. አሁን ጻፉት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሞዴል ዓመት፣ አምራች፣ ፊደልና ቁጥር፣ የመጫኛው ርዝመትና ዓይነት፣ ቅንጦት፣ ከዚያ ሞተር። «የ1972 ሼቭሮሌት ኬ10፣ አጭር ፍሊትሳይድ፣ ቼየን ሱፐር፣ ቪ8።» «የ1977 ፎርድ ኤፍ-150 ፎር ባይ ፎር፣ ረጅም ስታይልሳይድ፣ ሬንጀር ኤክስኤልቲ።» ያላረጋገጣችሁትን ቁራጭ ዝለሉት። ሞተሩ ከተቀየረ «ሞተሩ ተቀይሯል» በሉ። ባጁ ኋላ የተለጠፈ ከሆነም እንደዚያው ጻፉ፤ ገዢው ራሱ ሲደርስበት ዋጋው ከዚያ በላይ ነው የሚወርደው።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ስህተቱንም ፈልጉ። ኤፍ-100ን ከሰረዙ ጋርም ያለ ሰረዙም ሞክሩ። ሲ10ን በሰረዝ፣ ያለ ሰረዝና በባዶ ቦታ ለይታችሁ ጻፉት። «1972 ሲልቨራዶ» እና «1968 ኤፍ-150» ብላችሁም ፈልጉ። ስሙን የማያውቅ ሻጭ ብዙ ጊዜ ዋጋውንም አያውቅም። መኪናው ዓይናችሁ ከገባ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የበሩን ሰሌዳ፣ የዕቃ ሳጥኗን ክዳን ከውስጥ፣ እና ታይትሉን።